ጎተራውን የማያውቀው መሣሪያ

ልጄ ራህመት ላፕቶፗን ይዛ ከኮምቦልቻ መጥታ ሐይቅ እኔ ቤት ሰነበተች። ትናንት ከሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ስትነጫነጭ ሰማኋት።

"አባ፣ የኮድ መገምገሚያው እኛ ኮድ የምናስቀምጥበትን አሮጌ ሲስተም አላውቀውም አለኝ።"

ሳቄ አመለጠኝ። ይህን ችግር እኔ ጺሜ ሳይሸብት ውጫሌ ላይ ፈትቼዋለሁ።

ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። የተበላሸ እየፈታታሁ፣ መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እያነበብኩ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። በአምባሰል የሚስተካከለኝ አልነበረም ብል ውሸት አይሆንም። የሚጠጋኝ ቢኖር መላኩ ነው። መላኩ ሐይቅ እስጢፋኖስ የተማረ ዲያቆን ነው፤ ፕሮግራም መጻፍ ያስተማርኩት ግን እኔ ነኝ። ሁለታችን ለአንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናትን የክትባት ቀጠሮ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፍን። ክትባት የሚሰጠው ረቡዕ ብቻ ነበር። ቀኑ በአንድ ከተዛነፈ፣ ልጇን አዝላ ግማሽ ቀን ከተራራ የወረደች እናት በከንቱ ትመለሳለች።

የምንለውጠውን ሁሉ ከነታሪኩ የሚያስቀምጥልን ያረጀ ፕሮግራም ነበረን፤ "ጎተራው" እንለዋለን። መላኩ ከአዲስ አበባ በሲዲ የኮድ መገምገሚያ አመጣ። የተጨመረውን በአረንጓዴ፣ የተሰረዘውን በቀይ ጎን ለጎን ያሳያል። ጎተራችንን ግን ጭራሽ አላወቀውም።

"በቃ ተወው፣" አለኝ መላኩ።

"እኔ ሰይድ እያለሁ?"

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ነሐሴ ነበር፤ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ገበያውን ይሸፍነዋል፣ እኔ የተጠበሰ እሸት በቆሎ እየፈለፈልኩ እታገላለሁ። በመጨረሻ ጎተራውን ራሱን የአሮጌውንና የአዲሱን ጽሑፍ ልዩነት በአንድ ፋይል እንዲያወጣ አዘዝኩት። ፋይሉን በእጄ ለመገምገሚያው አጎረስኩት። ዋጠው! ወላሂ፣ ብቻዬን ተነስቼ አጨበጨብኩ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ሐይቅ መላኩ ቤት ሄድኩ። ፕሮግራሙ ሰኞ ሥራ ይጀምራል። ፍልሰታ ተፈቶ ስለነበር የመላኩ ሚስት ዓሣ ጠብሳ ጠበቀችን። ዘመኑ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች። ፕሮግራማችን አምስት ብቻ ይቆጥር ስለነበር ያረምኩት እሱን ነው።

መላኩ አረንጓዴውን አየና "ቆንጆ ነው፤ የቀረውስ?" አለ።

"የቀረው ምን?"

"ይህ የነካኸውን ነው የሚያሳየኝ። ያልነካኸውን የት ልየው?"

እውነቱን ነው፤ መሣሪያው ጎተራው ውስጥ ገብቶ ሙሉውን ማምጣት አይችልም። የሚያውቀው ያጎረስኩትን ብቻ ነው።

"ደህና ስለሆነ ነዋ ያልነካሁት!"

"አይ ሰይዶ! እኛ ዘንድ መጽሐፍ በእጅ ተገልብጦ ሲያልቅ የታረመው ገጽ ብቻ አይታይም። አንዱ ከመጀመሪያው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በጣቱ ይከተላል።"

"ይህ ዳዊት አይደለም።"

"ዳዊት ቢሆንማ ላንተ አልሰጥህም ነበር። አንብብ!"

እኔ ሙሉውን ፕሮግራም ከጎተራው ከፍቼ ከስክሪኑ አነበብኩ፤ እሱ በወረቀት የታተመውን በጣቱ ተከተለ። ከንፈሬ በዓሣው ዘይት ወዝቷል። ዘጠነኛው ገጽ ላይ፣ የእናቶቹን ካርድ የሚያትመው ክፍል ጋ፣ "ጳጉሜ እኩል ይሆናል አምስት" ብዬ ድምፄ ቆመ።

ጣቱን አላነሳም። "ድገመው።"

"አምስት።"

"ሉቃስስ?"

"ስድስት፣" አልኩ ቀስ ብዬ።

እንደዚያው ብንለቀው የመስከረም ካርድ ሁሉ ቀኑን በአንድ አሳልፎ፣ የረቡዕን ቀጠሮ ሐሙስ ብሎ ይታተም ነበር። መላኩ አልሳቀብኝም። ዓሣውን ገልብጦ ሥጋ የበዛበትን ጎን ወደኔ አደረገልኝ። መስከረም ላይ አንድ ረቡዕ ጤና ጣቢያው ደጅ ቆሜ ካርድ የያዙ እናቶች ተራ ሲጠብቁ አየሁ፤ አልሐምዱሊላህ።

ለራህመት የልዩነቱን ፋይል አወጣጥ አሳየኋት። "አባ፣ አንተ እኮ ጉድ ነህ!" አለችኝ። አልተቃወምኳትም። ላፕቶፑን ልትዘጋ ስትል ያዝኳት።

"አሁን ሙሉውን ከመጀመሪያው መስመር አንብቢልኝ።"

"ጮክ ብዬ?"

"ጮክ ብለሽ።"

እያጉረመረመች ጀመረች። ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ አንድ መስመር ላይ ድምፅዋ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ።

"ይህን ማን አስተማረህ?"

ራሴን በራሴ ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

"መላኩ፣" አልኳት። "ፋይሉን ማጉረሱ ግን የኔ ነው።"