ድዴን የመረመረው ኮሚቴ

ባለፈው ሰሞን ከገበያ ስመለስ እዚሁ ቦንጋ አንድ መሥሪያ ቤት አጥር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር የወረቀቱ ጠርዝ ረጥቧል። የድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች ይፈለጋሉ ይላል። ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ቁመት ተዘርዝሮ ከታች «በሚታይ የአካል ክፍል ላይ ንቅሳት የሌለው ወይም የሌላት» የሚል አለበት። አጠገቤ ቆማ ታነብ የነበረች ልጅ የሹራቧን እጅጌ ሳብ አድርጋ የእጇን አንጓ ሸፈነች።  ኮረሪማዬን በዘንቢል ይዤ ወደ ቤቴ አቀናሁ። መንገዱን ሁሉ ግን በወጣትነቴ ድዴን ስለመረመረው ኮሚቴ ሳስብ ነው የደረስኩት።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ተቀምጬ ነበር። አባቴ ከጎንደር ተመድበው የመጡ አስተማሪ ነበሩ። ጡረታ የሚወጡበት ጊዜ ስለደረሰ ቤተሰቡ ወደ አገር ቤት ለመመለስ ይሰናዳ ነበር። እኔ ያደግሁት ቦንጋ ነው፤ መሄድ አልፈለግሁም። አባቴ፣ ሥራ ካገኘሽ ትቀሪያለሽ፣ ካላገኘሽ ከእኛ ጋር ትሄጃለሽ አሉኝ። ሌላ ምርጫ አልሰጡኝም።

በዚያው ሰሞን ለአካባቢው አምቡላንስ መጣና ሁለት ረዳቶች ይቀጠራሉ ተባለ። ከጓደኛዬ ከአጸደ ጋር ሄደን ተመዘገብን። የአጸደ ቤተሰቦች በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። ረጅም ናት፣ ትከሻዋ ሰፊ። በሁለት እጇ ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዛ ዳገት ስትወጣ እኔ በአንዱ አለከልክ ነበር። እናቷ በልጅነቷ ያስነቀሷት ንቅሳት አንገቷን እንደ ማተብ ይዞራል።

የእኔ ንቅሳት ድዴ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ ክረምቱን አባቴ አገር ስንከርም አክስቴ በእሾህ እየወጋች ጥላሸት ቀባችኝ። ለውበትም ለድድ በሽታም ይሆናል ይባል ነበር። እስኪሽር ድረስ ከቀዘቀዘ አጥሚት በቀር የምቀምሰው አልነበረም። አፌን ከገጠምኩ አይታይም፤ ስስቅ ግን ከጥርሴ በላይ ያለው ሁሉ ጥቁር ነው።

ያን ጊዜም ማስታወቂያው ላይ የንቅሳቱ ነገር ተጽፎ ነበር። አጸደ ለራሷ ሻርፕ አስራ ልትገባ ወሰነች። ለእኔ ያመጣችልኝ መላ ግን ሌላ ነው።

«አንቺ ሻርፕም አያስፈልግሽም፤ ከንፈርሽ ይበቃል» አለችኝ። «እስከ ፈተናው ቀን አንድ ጊዜ ከሳቅሽ አገርሽ ግቢ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ማሳቅ ሥራዬ ብላ ያዘችው። የሺሺንዳ አውቶቡስ ረዳት አጠራር ትኮርጃለች። እኔን ለጋብቻ ጠይቆ የነበረውን ሰውዬ አረማመድ በጭቃው መሃል እየተራመደች ታሳየኛለች። ጉንጬን ከውስጥ ነክሼ እችላለሁ። በመጨረሻው ሳምንት ለመድኩት፤ እንዲያውም እሷ ራሷ እየሳቀች ታቋርጠው ጀመር።

የፈተናው ቀን ያካፋ ነበር። መጀመሪያ አሸዋ የሞላ ጆንያ በቃሬዛ ተሸክመን ግቢውን እንድንዞር ታዘዝን። ከፊታችን የነበሩት ወንዶች ተንሸራተው ጆንያውን ጣሉት። እኔና አጸደ ዞረን መለስነው። የከባዱን ጫፍ የያዘችው እሷ ነበረች።

ቀጥሎ አንድ በአንድ ወደ ክፍል እየገባን ተመረመርን። ኮሚቴው ውስጥ አንድ ሰብሳቢ፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንዲት ሲስተርና የአምቡላንሱ ሹፌር ጋሽ አወል ነበሩ። አጸደን ሻርፑን አውልቂ አሏት። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበሩም። የደንብ ልብስ ለባሽ ሁሉም አንድ ዓይነት መታየት አለበት፣ መመሪያውም ከላይ የመጣ ነው ብለው በትዕግሥት አስረዷት። አጸደ ሻርፑን መልሳ አስራ ወጣችና በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ከእሷ በኋላ ተራው የእኔ ሆነ። ሲስተር አፍሽን ክፈቺ ብላ አየችና «ድዷ ተነቅሷል» አለች።

 ከዚያ ድድ የሚታይ አካል ነው ወይስ አይደለም የሚል ክርክር ተነሣ። ጸሐፊው የሚታይ ነው አለ። ሲስተር፣ ከንፈር ሲገጠም አይታይም አለች። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩና «እስቲ ሳቂ እንየው» አሉኝ። በትእዛዝ እንዴት ይሳቃል? ከንፈሬን ይበልጥ ገጠምኩ።

ጋሽ አወል ይሄማ የኔ ሥራ ነው ብለው ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። «አንድ ሽማግሌ እግራቸው ተሰብሮ አምቡላንስ ላይ ጫንናቸው» አሉ። «ከላይ ያለው ጡሩምባ መጮህ ሲጀምር፣ ልጄ አቁም አሉኝ። ምነው አባቴ ስላቸው፣ ጣሪያው ላይ የጫናችሁት በሽተኛ ከእኔ ይብሳል፤ መጀመሪያ እሱን አድርሱት አሉ።»

ሰብሳቢው እስኪያስላቸው ሳቁ። የጸሐፊው እስክሪብቶ ወደቀ። ሲስተር ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ የቤታችን ዕቃ ተጭኖ ከቦንጋ ሲወጣ እያሰብኩ ጉንጬን ነክሼ ቆምኩ። አልሳቅሁም።

ሰብሳቢው ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «በዚህ ያልሳቀች በሽተኛ ፊት ምን ያስቃታል? አይታይም ብለህ ጻፍ።»

ስወጣ አጸደ ከድንጋዩ ላይ ተነሣች።

«አለፍሽ?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁላት።

«ሳቂያ እንግዲህ። አሁን ማን ያይሻል?»

አልቻልኩም። መንገድ ዳር የበቆሎ ጥብስ ገዛችና ሰብራ ትልቁን ለእኔ ሰጠችኝ። ካፊያው እየመታን እየበላን ወረድን።

ቤተሰቦቼ ሄዱ፤ እኔ አንድ ክፍል ተከራይቼ ቀረሁ። በአጸደ ቦታ አንገቱ ንጹሕ የሆነ ወጣት ተቀጠረ። ጨዋ ልጅ ነበር፤ ክንዱ ግን አይጠናም። ወደ ማንኪራ መንደር መኪና ስለማይገባ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመን በጫካው መንገድ አምቡላንሱ እስከቆመበት እናወጣ ነበር። በክረምት ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ልጁ በየመታጠፊያው እናሳርፍ ይላል። ያኔ ቃሬዛ ላይ የተኙት ሴቶች ስለማንም አንገት ጠይቀውኝ አያውቁም። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ እንዳትጥሉኝ። እኔም አንጥልሽም እያልኩ፣ ሌላኛውን ጫፍ መያዝ የነበረበት እጅ የማን እንደሆነ አስባለሁ።

አጸደ ሺሺንዳ ገብታ እህል ነጋዴ ሆነች፤ ኩንታሉን ራሷ ታወርድ ነበር። አሁንም እንጠያየቃለን። ስለዚያ ቀን ግን እሷም አላነሣችብኝ፣ እኔም አላነሣሁባት።

ደንብ አይኑር አልልም። እኔም ያንን የደንብ ልብስ ለብሼ ሠርቼ ቀደም ብዬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ በጭንቀት የሚጠብቁ ሰዎች ከሩቅ ያውቁኝ የነበረው በእሱ ነው። ብቻ የዘንድሮው ማስታወቂያ ላይ ስለ ሸክም የሚል ነገር ይኖር እንደሆነ ብዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የለም። ከተማው ውስጥ አስፋልቱም ባጃጁም መጥቷል። የጫካው መንገድ ግን በዝናብ ጊዜ ያው ጭቃ ነው፤ በዚያ የሚወርድ በሽተኛም አሁንም የሰው ክንድ ይፈልጋል።