አስተርጓሚዋን ባሕር አጥወለወላት

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ፍሩትቬል ሰፈር ባለችው ጠባብ አፓርታማችን አምስት ወር ስትቀመጥ፣ በእሷና በስምንት ዓመቷ ልጄ መካከል አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ልጄ እዚሁ ፈረንጅ አገር ነው የተወለደችው። «ነይ፣ ብይ፣ ተኚ» ከሚለው ያለፈ አማርኛ ትሰማለች ብዬ አልጠረጠርኩም።

ታዲያ ትርጉሜ ላይ ትንሽ ስኳር ጣል አደርግ ነበር። እናቴ «ይቺ ልጅ ስድ ናት፤ አሳዳጊ የበደላት!» ስትል፣ እኔ «አያትሽ ቆንጆ ነሽ እያለችሽ ነው» እላለሁ። ምን ላድርግ? ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ጸቡን የት ላስቀምጠው!

ከገና ወዲህ ግን ልጄ አያቷን ዘጋቻት። ሰላም አትላት፣ አጠገቧ አትቀመጥ። እናቴም አኮረፈች። መመለሻዋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሸምግላለች፤ ዳግም ትምጣ አትምጣ ማን ያውቃል? እንደተኳረፉ ሊለያዩ ነው እያልኩ አንጀቴ ይቃጠል ነበር።

ልጄ ትምህርት ቤት ስለ ዓሣ ነባሪ ተምራ «ካላየሁ» ብላ ይዛኝ ስለነበር፣ ከሥራ ኦፍ በሆንኩበት ቅዳሜ ሁለቱንም ካሴት ማጫወቻው በተበላሸው አሮጌ መኪናዬ ጭኜ ሃፍ ሙን ቤይ ወደብ ወረድኩ። ዓሣ ነባሪ ማሳያ ጀልባ ላይ የት ይሸሻሉ፣ መሃላቸው ሆኜ አስታርቃቸዋለሁ ብዬ ነው። ከወደቡ ወጣ እንዳልን ግን፣ ድንጋይ ላይ የተጋደሙትን የባሕር አንበሶች እንኳ በቅጡ ሳላይ፣ ሆዴ ተገለበጠ። ጠርዙን ይዤ ተደፋሁ። እነሱ ምንም አልሆኑ!

ልጄ በእንግሊዝኛ ስትለፈልፍ፣ እናቴ «ልጅቷ ምን እያለች ነው?» ትለኛለች።

«እማዬ፣ በናትሽ...» ከዚያ በላይ አልወጣኝም።

ያኔ ልጄ በአማርኛ፣ «እኔ ስድ አይደለም» አለች።

እናቴ ክው አለች። «ምን አልሽ?»

«ስድ አልሽኝ። ማሚ፣ ‹ቆንጆ አለችሽ› አለችኝ። ውሸት ነው። እኔ እሰማለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ መሬት የት አለና!

«ትሰሚያለሽ ለካ!» አለች እናቴ፣ ድምጿ ሰለል ብሎ። «በይ ይቅር በይኝ፣ የኔ እናት። ስዷስ እኔ ነኝ፣ አፌን ያልያዝኩት።»

ልጄ ወደ አያቷ ጠጋ አለች።

በዚህ መሃል ተሳፋሪው ሁሉ ጮኸ። ቀና ስል፣ ቅርፊት የተለጣጠፈበት ግራጫ ጀርባ ከውሃው ወጣ፤ ቢወጣ ቢወጣ አያልቅም። እፍፍ ብሎ የተነፈሰው ውሃ ፊታችን ላይ ዘነበ። ሽታው አይጣል ነው!

«በስመአብ!» እናቴ አማተበች። «ዮናስን የዋጠው!»

«አይችልም» አለች ልጄ። «ጉሮሮ... ትንሽ።»

«እግዚአብሔር ካለ ይሰፋል!»

«ኖ፣ እማማ!»

ክርክሩ ጦፈ። አንዷ መጽሐፍ ቅዱስን፣ አንዷ አስተማሪዋን ትጠራለች። ቃል ሲጠፋ በእጅ ይሆናል። ልጄ የራሷን ጉሮሮ አንቃ ስታሳያት እናቴ እስክታነባ ሳቀች። አንዳቸውም ወደ እኔ አልዞሩም።

ስንመለስ አንድ ወንበር ላይ ተጣብቀው ይንሾካሾካሉ።

«ምን አለችሽ?» አልኳት እናቴን።

«በእኛ መሃል ምን አገባሽ!» አለችኝ።

ፊቴን አዙሬ በደስታ አለቀስኩ። አጠገቤ የቆሙት ሰዎች ባሕሩ ነው ብለው አዘኑልኝ።