በጥር የተዘራ ጤፍ

የእርሻ መጽሐፉ ትምህርት ቤታችን የደረሰው በታኅሣሥ ማለቂያ ነው። በመስከረም መድረስ የነበረበት መጽሐፍ! ለስድስት ተማሪ አንድ ተዳረሰ፤ የመምህሩ መምሪያ ጭራሽ አልመጣም። እኔ ከማሠልጠኛ ከወጣሁ ገና አራት ወሬ ነው። ፒያሳ ተወልጄ ያደግሁ፣ ጤፍን ከወፍጮ ቤት ወዲያ ተከትዬው የማላውቅ ሰው፣ መካኒሳ ላይ ለአምስተኛ ክፍል እርሻ እንዳስተምር ተመደብኩ።

መካኒሳ ያኔ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ማሳ ነበር። ከብስራተ ገብርኤል በእግሬ ስወርድ ቤቶቹ ያልቁና መንገዱ እርሻ ውስጥ ይገባል። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ጠዋት ከብት አሰማርተው ከሰዓት በኋላ የሚማሩ የገበሬ ልጆች ነበሩ። ለእነሱ እርሻን ከመጽሐፍ ማንበብ ለቀባሪው ማርዳት ነው።

አብዮቱ ሥርዓተ ትምህርቱን ሲለውጥ፣ የተማሪ እጅ ሥራ ይልመድ የሚለውን ሐሳብ እኔም ከልቤ አጨብጭቤለታለሁ። ያበሳጨኝ አመጣጡ ነበር። ሰርኩላር ይመጣል፤ እሱን አንብበን ሳንጨርስ የሚሽረው ሌላ ይከተላል። እናንተ የምታስተምሩትስ ምን ትላላችሁ ብሎ የጠየቀን አንድም ሰው አልነበረም።

የመጽሐፉ ምዕራፍ አንድ ስለ ዘርና አዘራር ነው። ትምህርቱ የተጀመረው ዘግይቶ ስለሆነ፣ ዘር የመዝራቱ ሥራ በዓመታዊ ዕቅዱ ላይ ጥር ውስጥ ወደቀ። በጥር ዝናብ እንደሌለ ፒያሳም ይታወቃል። ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄጄ፣ ስለ ጎተራ አያያዝ የሚናገረውን ምዕራፍ ላስቀድም ብዬ ለመንኩት።

"ዕቅዱ ጸድቋል" አለኝ። "ውሃ አጠጡት። ስማ ወንድሜ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።"

ንጉሡ ከወረዱ ዓመታት አልፈዋል፤ ተረቱ ግን ከነሥልጣኑ ነበር።

በመመሪያው መሠረት እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ ጣሳ ጤፍ አምጥቶ በእጁ ይዘራል። ከመቶው ስድሳ ነጥብ የሚሰጠው ለዚህ ነው። እርሻ የወደቀ ደግሞ ክፍል አያልፍም፤ ይህም የዚያው ዓመት አዲስ ነገር ነው።

ክፍሌ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የሚሆናት፣ ከወንዙ በታች ካሉት ማሳዎች የምትመጣ ልጅ ነበረች። በመስከረም አባቷ ይዟት መጥቶ፣ "ቲቸር፣ ቤት እጅ ያስፈልገኛል። እስካለፈች ትማር። ከደገመች ግን አስቀራታለሁ። አደራዎትን" ብሎኝ ነበር።

የመዝሪያው ቀን ሱፐርቫይዘር ከአውራጃ መጣ። ከሽንት ቤቱ ጀርባ በቆፈርነው መደብ ዳር፣ ማስታወሻውን ይዞ ቆመ። ልጆቹ እየተራመዱ ጣሳቸውን በተሰነጣጠቀው መረሬ አፈር ላይ በተኑ። የልጅቷ ተራ ሲደርስ ባዶ እጇን ነበረች።

"ጤፍሽስ?" አልኳት።

"ቤት ያለው ለዘር የተቀመጠው ነው፣ ቲቸር። አባዬን አልጠየቅሁትም። በጥር ብንዘራው ይሞታል። ለሐምሌ ምን እንዘራለን?"

ልጆቹ ሳቁ። የሳቁት በእኔ ነው፤ ያውቁ ነበራ። ሱፐርቫይዘሩ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቴ ጋለ። ትክክል ነሽ ማለት ሲገባኝ የውጤት መዝገቤን አወጣሁና፣ ሁሉም እያዩኝ፣ በብዕር ዜሮ ጻፍኩላት። ሱፐርቫይዘሩ ራሱን ነቀነቀና ገጹ ግርጌ ፈረመ። "ጥሩ ነው ጓድ መምህር፣ ዲሲፕሊን አለዎት" አለኝ። ደስ አለኝ። ዛሬ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ጤፉን ወፍና ጉንዳን ተካፈሉት። አንድም ቡቃያ አልወጣም። ሪፖርቱ ላይ "በዕቅዱ መሠረት ተከናውኗል" ተብሎ ተጻፈ፤ የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

ዜሮውን ነገ አስተካክላለሁ፣ ከነገ ወዲያ አስተካክላለሁ እያልኩ ሰኔ ደረሰ። በጽሑፍ ፈተናው ከአርባ ሠላሳ ስምንት አመጣች፤ ከክፍሉ አንደኛ። ድምሩም ያው ሠላሳ ስምንት ሆነ፤ ወደቀች። መዝገቡን ይዤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሮጥኩ።

"ሰውዬው ፈርሞበታል" አለኝ። "አሁን ስትሰርዘው ምን ልትል ነው? ዕቅዱ ስህተት ነበር ልትል?"

አዎ ማለት ነበረብኝ። በዚያ ዘመን ዕቅድ የነቀፈ ሰው ስም እንደሚወጣለት አውቃለሁ፣ ፈራሁ። መዝገቡን አጠፍኩና ወጣሁ።

ሐምሌ ላይ ለክረምት ሥራ ወደ ትምህርት ቤት ስወርድ አየኋቸው። ልጅቷ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሶ፣ ማሳው ላይ በሬዎቹን ወዲያ ወዲህ እየነዳች ታስረግጣለች። አባቷ የረገጡትን እየተከተለ ጤፍ ይዘራል። ሲያየኝ ቁናውን አስቀምጦ እጁን እየጠረገ መጣ።

"ቲቸር፣ እርሻ ነው አሉ የጣላት!" አለኝ። "የእኔን ልጅ! ጎረቤት ስቆ ሊሞት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ከብት ብቻ አስጠበቅኋት። አሁን ይኸው እያሳየኋት ነው።"

ልጅቷ በሬዎቹን አቁማ ወደ እኛ ታያለች። ነገሩን አልነገረችውም። ስድስት ወር ሙሉ አልነገረችውም።

"አይዘኑ፣ እርስዎ የሚችሉትን አድርገዋል" አለኝ፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወደ ዘሩ ተመለሰ።

እኔም አልነገርኩትም።