ወደ ሐይቁ የተከፈተው መስኮት

የልጄን አዲስ ቤት መብራት የሚዘረጋው ጎረምሳ አምፖሉን በእጁ እንደያዘ «እማማ፣ የማድቤቱ ከየት በኩል ይሰቀል?» አለኝ። መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት የእርጥብ ደንገል ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሞላው። እሱ ምን ያውቃል፤ የጃጀሁ መስሎት ራሱ መረጠ።

ጣልያን ባሕር ዳርን በያዘበት ዘመን አባቴ ከጣና ዳር ደንገል እያጨደ ታንኳ ይሠራ ነበር። ሽታው ከእጁም ከልብሱም አይለቅም። ማድቤታችን መስኮት የሌላት፣ ጭስ ያጠቆራት ጠባብ ጎጆ ነበረች። በአንድ ሰሞን እናቴ እዚያ ውስጥ ዓሣ ስትበልት ጣቷን ደጋግማ ቆረጠች። «ጨለማው ነው» አለች። እኛም አመንናት።

አባቴ ነገር ከያዘ አይለቅም። አንድ የደንገል አገዳ ልጦ ነጩን አወጣና ከመክተፊያው ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ መቀመጫዋ እያዞረ የቱ ጋ እንደሚነጣ፣ የቱ ጋ እንደሚጨልም ያይ ጀመር።

«ምነው አንቱ፣ ማድቤት ነው መስጊድ የሚሠሩልኝ?» ብላ ሳቀችበት።

«ፀሐይ ዓይን ትወጋለች፤ የሐይቁ ብርሃን ግን ለስላሳ ነው። በዚያ እከፍትልሻለሁ። ከግራሽ ሲመጣ የእጅሽ ጥላ ቢላዋው ላይ አይወድቅም» አላት።

ግድግዳውን ቀዶ መስኮት አወጣ። ውስጡን እኔና እሱ በነጭ አፈር ለቀለቅነው፤ ለኩራዟም ማስቀመጫ ከጭቃ አበጀላት። ጠዋት ጠዋት የውኃው ነጸብራቅ ጣሪያው ሥር ሲርገበገብ ማድቤት እንዲህ ያምራል እንዴ እል ነበር። እናቴም «አልሐምዱሊላህ፣ ዓይኔ በራ» አለች። ጣቷ ግን መቆረጡን አልተወም። አባቴ አዲስ ቁስል ባየ ቁጥር መስኮቱን ትንሽ ያሰፋዋል።

ጣጣ ያመጣብን ያ ስፋት ነው። አርበኞች በታንኳ ይሻገራሉ፣ ከዳር ሆኖ በመብራት የሚጠራቸው አለ እየተባለ ይወራ ነበር። እናቴ ለቅሶ ልትደርስ በሄደችበት ከሰዓት ሁለት ወታደሮች ከአስተርጓሚ ጋር መጡ።

«ጌታዬ፣ ሚስቴ እንድታይበት ነው የከፈትሁት» አለ አባቴ።

አስተርጓሚው ይህን ይንገራቸው አይንገራቸው አላውቅም። መዶሻና የሳጥን ሳንቃ ለአባቴ ሰጡት፤ መስኮቱን በገዛ እጁ ጠረቀመው። ስንጥቅ እንኳ አላስቀሩለትም። ሲሄዱ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለና «ምን ብዬ እነግራታለሁ?» አለኝ።

ውኃ ልንጠጣ ቤት ገብተን ሳለ እናቴ በጓሮ አቋርጣ ቀጥታ ማድቤት ገባች። ስትጮህ እንሰማለን ብለን ጠበቅን። ምንም አልተሰማም። ተከታትለን ስንገባ በሩ ከኋላችን ተመለሰና ጨለማው ዋጠን፤ እኔ እንስራውን መትቼ ልደፋው ነበር። እሷ ከቦታዋ ተቀምጣ የዓሣ ቅርፊት ትፍቃለች። በበሩ ሥር በሚገባው ጭላንጭል ፊቷ ታየኝ፤ ወደ ሳንቃው ዞራለች። የአባቴን ኮቴ ስትሰማ ፈገግ አለች።

«የዛሬው ብርሃንማ ልዩ ነው፤ ሐይቁን እያየሁ ነው የምሠራው» አለችው።

አባቴ በዳበሳ ሄዶ ከጎኗ ተቀመጠና ቢላዋውን ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደ።

«እስቲ ዛሬ እኔ ልበልተው» አላት።