ለእህቴ ኩላሊት የበላሁት ጎመን

ወገኖች፣ ዛሬ ማይክ የያዝኩት ስለ ጎመን ልመሰክር ነው። አትሳቁ። ደክሞኛል፣ ብዙም አልቆምም። ግን ጌታ ያደረገልኝን ዝም ብዬ ባልፍ ነውር ነው።

ድሮ ማን እንደነበርኩ ታውቃላችሁ። ሊንውድ ከተማ የመኪና ማቆሚያ ዘበኛ ሆኜ ስሠራ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ፣ ባነበብኩት ልክ ሰው የምንቅ ሰው ነበርኩ። ፓስተር ሲጸልይ ዓይኔን ገልጬ ማን እንዳንቀላፋ አያለሁ። ስለ ዳይት የሚያወራ ካገኘሁማ አንድ ሰዓት እከራከረዋለሁ። ሆዴ ግን ክርክር አያውቅም፤ ዝም ብሎ ያድጋል።

ከዚያ የታላቅ እህቴ የአልማዝ ኩላሊት ሥራ አቆመ። ስካይዌይ የሚባለው ሰፈር አብረን ነው የምንኖረው። በሳምንት ሦስት ቀን ደሟን በማሽን ወደሚያጥቡበት ዳያሊሲስ ወስጃት ስመልሳት፣ መኪና ውስጥ አንገቷን ደፍታ ትተኛለች። ተመረመርኩ፤ ኩላሊቴ ይስማማታል ተባለ። ሃሌሉያ ብዬ ሳልጨርስ ሐኪሙ ክብደቴን አየና፣ እንዲህ ሆኜ ቀዶ ጥገናው ለእኔም አደገኛ እንደሆነ፣ እስክቀንስ ድረስ እንደማይነኩኝ ነገረኝ።

ጾም ጸሎት ያዝኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አልማዝ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ስልሱን ታቀርባለች። የጾም ምግብ ቀላል ነው ተብለን ነው ያደግነው። ለራሷ ሐኪም የከለከላትን ወጥ፣ መቆም ሲያቅታት ወንበር ስባ፣ ለእኔ ትሠራለች። ኩላሊቱን ለሚሰጣት ሰው ሌላ ምን ትስጠው? ከሦስት ሳምንት በኋላ ሚዛን ላይ ብወጣ ጨምሬያለሁ። ጾሜ አወፈረኝ፣ ወገኖች። እግዚአብሔርን ተቀየምኩት።

የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ ወጣት ሴት ናት። ልከራከራት ተዘጋጅቼ ሄድኩ። እሷ ግን ትንሽ ብላ አላለችኝም። ሆድ ካሎሪ አይቆጥርም፣ የሚሞላው በብዛት ነው አለች። ውሃና አሰር የበዛበትን ምግብ ሳህን ሙሉ ብትበላ ካሎሪው ጥቂት ነው፤ ሁለት ማንኪያ ዘይት ግን ከአንድ ሳህን ጎመን ይበልጣል። ከዚያ ሽሮው ላይ ዘይቱን ማን እንደሚጨምር ጠየቀችኝ። እህቴ ናት አልኳት።

ቤት ገብቼ ለአልማዝ መንገር ነበረብኝ። ቀዶ ጥገናው ከዚያ ይቀላል። ያቀረበችውን ሳህን ገፋ አደረግኩት።

«እጄን ጠላኸው?» አለችኝ።

«እጅሽን አይደለም እቴቴ፣ ዘይቱን ነው።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ የምፈልገው ኩላሊትህን ነው፤ ሆድህንማ ለራስህ ያዘው» አለችና፣ ተነስታ ጎመን መክተፍ ጀመረች።

እኔ የዳንኩት ያን ጊዜ ነው። በስብከት አይደለም። ታማ ስትከትፍልኝ አየኋትና፣ ጌታ ሆይ፣ እኔ ምንም አላውቅም፣ ያልከኝን እበላለሁ አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ስምንት ወር ሙሉ ከምግብ በፊት ቀጭን የአትክልት ሾርባ፣ ከዚያ ግማሽ ሳህን ጎመንና ቆስጣ፣ በጎኑ ትንሽ እንጀራ፣ መጨረሻ ላይ ብርቱካን። ተአምር እንዲህ አሰልቺ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን አልተራብኩም፣ ክብር ለስሙ! ሐኪሙ ሚዛኑን ሁለቴ አየና ቀን ቆረጠልኝ።

ከቀዶ ጥገናው ስነቃ ጎኔን ያመኛል፣ አፌ ደርቋል። ነርሷ ጎንበስ ብላ፣ የአልማዝ ሽንት መምጣት ጀምሯል፣ ከረጢቱ እየሞላ ነው አለችኝ። ሁለት ዓመት ጠብ ያላለ ሽንት! ባነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ ያላለቀስኩ ሰው፣ በሽንት አለቀስኩ።

ወገኖች፣ ብዙ ጸልዮ መልስ የዘገየበት እዚህ ካለ፣ የናቀውን ነገር ደግሞ ይመልከት። ጌታን ታመኑት። እኔ ዛሬም ይደክመኛል፣ ጎመንም ዛሬም አይጥመኝም። አልማዝ ግን ያችው፣ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ስመሰክር ሁለት ጊዜ ተነስታ ሽንት ቤት ሄዳለች። ጌታ ይባረክ።