ከታንኳዋ ሥር ያነበብኩት

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከአዳማ ወጣሁ። ዓላማዬ አንድ ነው፦ ዝዋይ ሄጄ፣ ሙዚየም ግቢ ውስጥ ያለ ካፌ ቁጭ ብዬ፣ ማንም ሳያናግረኝ ምሳዬን መብላት። ከተመረቅኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ሥራ አገኘሽ?» ነው የሚለኝ። ታክሲ ውስጥ፣ ሰፈር ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ጓደኛዬን እንሂድ ብላት ለአንድ ምሳ ይሄን ሁሉ መንገድ አለችኝ። ተውኳትና ብቻዬን ወጣሁ።

ሞጆ ላይ መኪና ቀየርኩ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሦስት ሰው ተጨመረበት። ቆቃ ስንደርስ ሻጮች በመስኮት አሳ አስገቡብን፤ ውሃው ቀሚሴ ላይ ጠብ አለ። ዓለም ጤና ላይ ደግሞ ጣሪያው ላይ የሽንኩርት ጆንያ እስኪጫን ግማሽ ሰዓት ተገተርን። ስልኬን ደጋግሜ ሳይ ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ «አንቺ ልጅ፣ ሰዓት ማየት መኪና አይገፋም» አለኝና ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

መቂን አልፈን ዝዋይ የገባነው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሙዚየም የሚባለው የአንድ ሟች መምህር ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል ዕቃ፣ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አራት ጠረጴዛ። የምታስተዳድረው ልጃቸው ሰላም ናት። መግቢያ ሃምሳ ብር ከፍዬ አሳ ጥብስ አዘዝኩ። «ምን መሰለሽ፣ አንዲት እናት ከመጡ...» ብላ ስትጀምር፣ እርቦኛል፣ ወሬውን በኋላ አልኳት። አሳውን ልታስጠብስ ሄደች።

አሳው አልከፋም፤ ጥርት ብሎ ተጠብሷል፣ ሎሚና አዋዜ አለው። ግማሽ ሳላደርስ ጥቁር ነጠላ የለበሱ ሴትዮ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ቀና ሳልል፣ እንደው በልማድ፣ «እንብላ» አልኩ።

«አልበላውም፣ ልጄ። ልጄን በልቶታል።»

ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ።

እማማ ጫልቱ ይባላሉ። ልጃቸው ገመቹ አሳ ሊያጠምድ ወጥቶ ታንኳዋ ብቻዋን ተመለሰች። አስከሬኑ አልተገኘም። መምህሩ ስሙን እጽፍባታለሁ ብለው ታንኳዋን ለሙዚየሙ ለምነው ወሰዱ። እማማ ማንበብ አይችሉም፤ በየሳምንቱ እየመጡ የተማረ የሚመስል ሰው ሲያገኙ ያስነብባሉ። ሌላ መቃብር የላቸውማ።

እጄን ታጥቤ ተከተልኳቸው። ታንኳዋ ግድግዳውን ተደግፋለች፤ የተሠራችበት ደንገል ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሥሯ አንዲት ካርቶን በክር ታስራለች። ጮክ ብለሽ አንብቢ አሉኝ።

«ባህላዊ ታንኳ። ከደንገል የተሠራ። ለአሳ ማጥመጃ ያገለግላል።»

«ከሱ በታች ያለውስ?»

«ከሱ በታች የለም።»

«ገመቹ ቱፋ የሚለው?»

ካርቶኗን ገልብጬ ጀርባዋንም አየሁ። «እማማ፣ የለም። ስም የሚባል ነገር አልተጻፈም።»

ሰላም በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ ስትለምነኝ ያየኋት ከዚያ በኋላ ነው።

እማማ አልጮሁም። ካርቶኗን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ዳሰሷት። «እነዛ ሁሉ ታዲያ ምን ሲያነቡልኝ ነበር?» አሉ። ሰላም አሁኑኑ እጽፈዋለሁ ብላ እስክሪብቶ ፍለጋ ሮጠች። እማማ አልጠበቋትም። ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

ሰላም ተመልሳ ስታጣቸው እኔ ላይ ዞረች። ለእንግዳ ሁሉ ስሙን እንደተጻፈ አድርጋችሁ አንብቡላቸው ብላ አስቀድማ ትነግር ነበር፤ ለእኔም ልትነግረኝ ነበር። አባቷ ስሙን ሳይጽፉ ነው የሞቱት። ታዲያ አንቺ ለምን አልጻፍሽውም አልኳት፤ በንዴት።

«ነገ ነገ ስል» አለች፤ ድምጿ ወረደ። «ሰው ሁሉ ሲያነብላቸው ስሰማ፣ የተጻፈ መሰለኝ።»

እስክሪብቶውን ተቀብያት ራሴ ጻፍኩት፦ ገመቹ ቱፋ። በትልቁ። ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ቤታቸውን ጠይቀን ሄድንም፤ ጎረቤት አልገቡም አለን። ከዚያ በላይ ብቆይ መኪና አላገኝም ነበር።

አዳማ አሥራ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል ገባሁ። እናቴ ጫማዬን ሳላወልቅ እንዴት ነበር አለችኝ።

«በጣም ደስ ይላል» አልኳት። «አሳቸው ይጣፍጣል፣ ሰውም አያስቸግርም።»

ደስ አላት። ለካ መዋሸት እችላለሁ።