ቁልፉ ጢቾ ሄዷል

ዛሬ ጠዋት አሰላ ሰፈራችን ውስጥ የጎርፍ ልምምድ ነበር። ደወሉ ሲደወል አዛውንት ደግፈን፣ ሕፃን አዝለን ወደ መጠለያው አዳራሽ ብንሮጥ ተቆልፏል። ቁልፉ ከጥበቃው ጋር ጢቾ ከተማ ለቅሶ ሄዷል።

የልምምዱ አስተባባሪ "መመሪያው የሚያውቀው ይህንን መጠለያ ነው፤ ጠብቁ" አለን። ጎርፉም መመሪያውን ያነበበ መስሎታል።

የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ እትዬ አስካለ ግን "የእኔ ቁልፍ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም፤ ተነሱ" አሉና የእድሩን ድንኳን እዚያው በር ላይ አስተከሉን።

ድንኳኑን ያዩ የላይ ሰፈር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ መጡ። "ማን ሞተ?"

"ማንም። እንዳይሞት ነው የተከልነው" አሏቸው እትዬ አስካለ።

አስተባባሪው አፍርሱት ቢለንም አላፈረስነውም፤ ክረምቱን እዚያው ይከርማል።

በእናንተ ሰፈር የመጠለያው ቁልፍ ማን ጋ ነው? ዛሬውኑ ጠይቁና ንገሩኝ።